ጎርፉ ሲያልፍ የያዝኩት ቃለ ጉባኤ

ቃለ ጉባኤ መያዝ ያስጠላኛል። በሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሁን ተብዬ ሦስት ጊዜ ተመርጬ ሦስት ጊዜ እምቢ ብያለሁ። «እጅ ጽሑፉ እንዲህ ያማረ ሰው ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» ይሉኛል፤ ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት በሆነልኝ። ብዕር ይዤ ሰው ፊት መቀመጥ አልወድም፤ የማኅተም ቀለም ከሸተተኝማ ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ምክንያቱን ለሚስቴ እንኳ ከግማሹ በላይ ነግሬያት አላውቅም። አሁን የምጽፈው ሽማግሌው ስለሞቱ ነው። በሕይወት እያሉ ብጽፈው ማቆለጳጰስ ይመስልብኝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሚያቆለጳጵስ ሰው አይወዱም።

ሽማግሌው የውሃ አባት ነበሩ። የራያን ቆላ ለማያውቅ ሰው ይህ ሹመት ምን እንደሆነ ልናገር። ቆቦ ሜዳ ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም። ሜዳውን የሚያበላው ክረምት ላይ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ነው። ገበሬው ወንዙ ውስጥ እሾህና ድንጋይ ከምሮ ጎርፉን ይጠልፈዋል፤ በቦይ እየመራ ማሳው ላይ ያስተኛዋል። ደህና ጎርፍ በክረምት ሁለቴ፣ ሲበዛ ሦስቴ ይመጣል፤ አንዱ ከግማሽ ቀን በላይ አይቆይም። በዚያች ግማሽ ቀን ቦዩ ለማን ቀድሞ እንደሚከፈት የሚወስን አንድ ሰው ከሌለ አካፋው ከአፈር ወደ ራስ ቅል ይዞራል። ስለዚህ ገበሬው አንድ ሰው መርጦ ያስምላል። ደሞዝ የለውም። ሕጉ ሁለት ነው፤ ዓምና ውሃ ያልደረሰው ዘንድሮ ይቀድማል፣ የውሃ አባቱ ደግሞ የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ሁሉም ካጠጣ በኋላ ነው።

እሳቸው ጣልያን በወጣ ማግስት ተመርጠው፣ እኔ ሳውቃቸው በዚህ ሥራ ወደ አርባ ዓመት ተጠግተው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው ሲቀልዱባቸው «ውሃ ደሞ ምኑ ይበላል?» ይላሉ። በንጉሡ ጊዜ የአካባቢው ባለመሬት ተራ እንዲያስቀድሙት ጊደር ልኮላቸው፣ ጊደሯን ባመጣት ሰው እጅ መልሰው ሰደዷት። ለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ግራር ላይ ታስረው ተገረፉ። በሚቀጥለው ጎርፍ የባለመሬቱ ማሳ ተራውን ጠበቀ። ይህን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ እሳቸው ስለ ጀርባቸው ጠባሳ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። የመንደሩ የውሃ ጉድጓድ በየዓመቱ እንዲጠረግ የሚቀሰቅሱት እሳቸው፣ ወደ ቆቦ ገበያ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ድንጋይ የሚያስለቅሙት እሳቸው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት መጥለፊያውን ክርስቲያኑ ይጠብቃል፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ እስላሙ፤ ይህንንም ሥርዓት ያወጡት እሳቸው ናቸው። የሰው ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚገባው ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። በደርግ ዘመን ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ፣ ብዙም ሳልቆይ እሳቸው ያሉበት ገበሬ ማኅበር የልማት ሠራተኛ ሆንኩ። ሥራዬ ገበሬ ማስተማር ነበር፤ የሠራሁት ግን ስም መጥራትና ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው። ስብሰባ በሳምንት ሁለቴ ነው። የቀረ ይቀጣል። ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው እንደ ከብት ይታጎራል፤ ላቡ፣ የቆዳው ሽታ፣ የአቧራው ነገር አይወራም። ሰዉ ግራ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ያጨበጭባል። ያኔ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደጋገም ሰው እንደሚለምደው አላውቅም ነበር። ለመድኩት።

በሰባ አምስት ዓ.ም. ሐምሌ መባቻ ላይ ነው። ከቆቦ አንድ ካድሬ መጥቶ ስብሰባ ይመራል ተባለ። በማለዳ ሽማግሌው ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ማታ ተራራው ላይ ደመና ተኝቶ ነው ያደረው» አሉኝ። «ሁለት ሰው መጥለፊያው አፍ ላይ ልተው። ስም ስትጠራ እነሱን አለፍ በላቸው።»

«አልችልም አባባ። ሰው ከጎደለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ጓድ ካድሬው ከቆቦ ድረስ ነው የሚመጣው።»

«ጎርፉም የሚመጣው ከሩቅ ነው እኮ» አሉ።

አልሳቅሁም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባለፈው ሳምንት ሰው አጎደልክ ተብሎ ተወቅሷል፤ እሱ ደግሞ እኔን ወቅሷል። ሁለቱም ሰዎች ተጠርተው አዳራሽ ገቡ። ወንዙ ላይ ማንም አልቀረም። ከነገሩ እጄን የታጠብኩ መስሎኝ ነበር።

ካድሬው ሊቀመንበሩ ቤት ቁርሱን በልቶ፣ የከንፈሩን ስብ ሳይጠርግ ገባ። ሰዉ ባዶ ሆዱን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አጀንዳው አንድ ነው፤ «የጎርፍ አጠቃቀማችንን በሳይንሳዊ መንገድ ስለማሻሻል» የሚል። አጀንዳውን በደንብ አድርጌ፣ ከፍ ያለ ፊደል መርጬ ጻፍኩት። ሰውየው ሲናገር ምራቁ ይረጫል፤ እኔ ከሥሩ ስለተቀመጥኩ ወረቀቴ ላይ ያርፋል፤ በክንዴ እየጠረግሁ እጽፋለሁ። በንግግሩ መሃል ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ያገኘውን አይቶ ይተፋል። ደርዝ ያለው ነገር ሲናገር አልሰማሁትም፤ ሁሉንም ግን ጽፌዋለሁ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የራሰ አፈር ሽታ በበሩ ገባ። ቀጥሎ ከሩቅ ድንጋይ የሚንከባለል ድምፅ መጣ። ሁለት መቶ አንገት አንድ ላይ ወደ ምዕራብ ዞረ። ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«ደረሰ! ልቀቁን!»

«ሥነ ሥርዓት!» አለ ካድሬው። «እጅህን ሳታወጣ አትናገርም። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። እጃቸውንም አወጡ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይዘገንነኛል፤ ሰባ ዓመት የተጠጋው ሰው እንደ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ወንዙ እያገሳ፣ ካድሬው ነጥቡን እስኪጨርስ ጠበቀ። ካድሬው ሆን ብሎ አስረዘመው። በመጨረሻ «እሺ፣ ቀጥል» አለ።

«ጎርፉ መጥቷል።»

«አስተያየትህ አጀንዳው ላይ ነው?»

«አጀንዳው እሱ አይደለም እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ፈርቶ፣ ተጨንቆ፣ ሳያስበው ሳቀ። የካድሬው ፊት ጠቆረ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ «የሚያጓራው ምንድነው?» ሲል ጠየቀው። ሊቀመንበሩ እዚያው ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው፤ ከእናቱ ድምፅ ቀጥሎ የሚያውቀው የዚያን ወንዝ ድምፅ ነው። «የጭነት መኪና ነው ጓድ፤ መንገዱ ላይ ኮንቮይ እያለፈ ይሆናል» አለው። እንዴት ብሎ አወጣው? ማሳው ከቦዩ ራስ ላይ ስለሆነ፣ መጥለፊያው ቢሰበርም ጎርፉ ሲያብጥ እየተንሸራተተ ይደርሰዋል። ይህን ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ በኋላ ነው ማሳው ረጥቦ ያየሁት።

በሩ ላይ ሁለት ሚሊሻ መሣሪያ ይዘው ቆመዋል። ማንም አልወጣም። እኔም አልወጣሁም፤ ያውም ሚሊሻዎቹ የሚያውቁኝ ልጆች ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ድምፁ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለት ጀመረ። አንዳንዱ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። የጎርፍ አጠቃቀማችንን በእጥፍ ለማሳደግ በጭብጨባ ወሰንን።

ስንወጣ የቦዩ ጭራ ላይ ካሉት ሦስት ቤቶች የአንዱ እመቤት በሩ ላይ ቆማለች። የእነዚህ ሦስት ቤቶች ማሳ ዓምና ውሃ አልደረሰውም፤ ዘንድሮ በሕጉ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ነበሩ። ሴቶቹ ወንዶቻቸው ስብሰባ ስለሆኑ ራሳቸው ወርደው እሾሁን በእጃቸው ሊይዙ ሞክረዋል፤ ጎርፉ መጥለፊያውን ከነድንጋዩ ይዞት ሄዷል። ሴትዮዋ እስከ ወገቧ ጭቃ ነበረች። መዳፏ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ባሏን አላየችውም፤ ያየችው እኔን ነው፤ የያዝኩትን ደብተር።

«ስብሰባው ደህና ዋለ?» አለችኝ።

ውሃው ሜዳውን ትቶ ወደ አፋር ወርዶ ነበር። ሰዉ ወንዙ ዳር ቆሞ ካድሬውን ረገመ፤ የካድሬው መኪና ግን ቆቦ ደርሶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው ተመልሶ መጣ። አውራጃው ጎርፉ ለምን አመለጠ ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር መልስ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ቢሮዬ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚያነብልኝ ያህል ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። «የውሃ አባት ነኝ የሚለው የፊውዳል ርዝራዥ ሆን ብሎ ጠባቂ ሳይመድብ በመቅረቱ፣ ስብሰባውንም በማወክ…» ጠባቂ ልመድብ ብለው የለመኑት እኔን ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ብዕሬ ግን አልቆመም። «ሆን ብሎ» በሚለው ሥር መስመር አስምር አለኝ፤ በማስመሪያ አሰመርኩ። «ግለሂስ አድርጎ ጥፋቱን ያመነ በመሆኑ ሁለት ወር እንዲታሰር፣ ውሃው በኮሚቴ እንዲመራ» ብሎ ጨረሰ።

ሽማግሌው ተጠሩ። ፊደል አይቆጥሩም። ካድሬው «አንብብለትና ያትም» አለኝ።

አነበብኩ። ግን የተጻፈውን አላነበብኩም። ወረቀቱን ፊቴ ይዤ «ጎርፉ ስላመለጠ ወደፊት ጠባቂ እንዲመደብ ተወሰነ» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። በፊታቸው ያን ቃል ማንበብ አፈርኩ፤ እፍረቴን ለመሸፈን ዋሸሁ። ካድሬው ደነቀው፤ ፈገግ ብሎ «ጎበዝ» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ «ጎበዝ» ያስጠላኝ ስድብ የለም።

«ይኸው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይኸው ነው።»

ትንሽ አዩኝ። ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩት፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ጣቱ በእሾህ ተሰነጣጥቆ ሸካራ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ገባ። መጥረጊያ ብዬ መሀረቤን ሰጠኋቸው። ሚሊሻው «ሁለት ወር ነው» ብሎ ከበር ይዟቸው ሲሄድ መሀረቡን አጥፈው መለሱልኝ።

የታሰሩት በማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህል አልነበረበትም፤ ነቀዝና የአይጥ ሽንት ነበረበት። ነሐሴ ሲጋመስ ሁለተኛው ጎርፍ መጣ። ኮሚቴው ቦዩን ከራሱ ከፍቶ መጀመሪያ የሊቀመንበሩን ማሳ፣ ቀጥሎ የኮሚቴውን አጠጣ። የታችኞቹ አካፋ ይዘው ወጡ። አንድ ሰው ራሱን ተፈንክቶ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ ውሃው ቀላ። ያን ጊዜ ራሱ ሊቀመንበሩ «ሽማግሌውን አምጧቸው!» እያለ መጮህ ጀመረ። ይህን የሰማሁት በገዛ ጆሮዬ ነው።

ሽማግሌው የመጋዘኑን ሽታ ይዘው መጡ። ጢማቸው አድጓል፤ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመው ሲናደዱ እንደሚያደርጉት ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ጮኹ፤ «አካፋህን ጣል! አንተ፣ ዝጋ! ጭራው ነው የሚቀድመው፣ ዝጋ አልኩህ!» ሊቀመንበሩ የራሱን ቦይ በራሱ እጅ ዘጋ። ሰዉ እንደገና ሰው መሰለ። ግን መሽቶበታል፤ ጎርፉ ጎድሏል። ውሃው መሃል ሜዳውን አልፎ፣ ጭራው ላይ ያሉት ሦስት ማሳዎች ጋ ሊደርስ አንድ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀረው ቆመ። መሬቱ ጠጣው። ሽማግሌው ተከትለውት ወርደው ውሃው የቆመበት ቦታ ላይ ቆሙ። የራሳቸው ማሳ ጉዳይ ከነጭራሹ አልተነሳም።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ መለስ ብለው መሄድ ጀመሩ። ሚሊሻው ሳይቀር ግራ ገብቶት «አባባ፣ ወዴት ነው?» አላቸው።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል» አሉት። «ጣቴን አስቀምጫለሁ።»

ሮጬ ሄጄ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ያነበብኩልዎ ሌላ ነው ማለት እችል ነበር። እዚያ ቆሜ እርጥብ የሆነውን ማሳ በእርምጃ እየለካሁ ለሪፖርት መዘገብኩ።

በዓመቱ ሰባ ሰባት ገባ፤ ያን ዓመት እንኳን ጎርፍ ጠልም ጠፋ። ጎተራው ውስጥ የዓምና ማሽላ የነበረው ሰው እየቆረጠመም ቢሆን ከረመ። የቦዩ ጭራ ሦስቱ ቤቶች ግን በተከታታይ ምንም ያላስገቡ ነበሩ። የሰፈራ መኪና ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ተጫኑ። መዝገባቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «በፈቃደኝነት» የሚል ዓምድ ነበረው። ያቺ መዳፏ የደማው እመቤት ሕፃን ሴት ልጇን አዝላ፣ ባሏ አንድ ድስት ይዞ ወጡ። ከመኪናው ላይ ሆና የያዝኩትን መዝገብ አየችው። ካድሬው በዚያው ሰሞን ዕድገት አግኝቶ ወደ ደሴ ሄዷል።

ደርግ ሲወድቅ ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው ሽማግሌውን እንደገና መምረጥ ነው። ዓይናቸው ደክሞ፣ በሰው ተመርተው ወንዝ እየወረዱ፣ ጎርፉን በድምፁ ብቻ እየለዩ ስንት ክረምት አገለገሉ። ሌላ መጥለፊያ አሠሩ፣ የሁለት ነፍስ ደም አስታረቁ፣ ትምህርት ቤት በሚሠራበት ጊዜ ከራሳቸው ማሳ ቆርሰው ሰጡ። እኔ ቆቦ ውስጥ ስሠራ ገበያ ላይ ሳያቸው በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አንድ ቀን ታመዋል ሲባል ግን ሄድኩ። ጉልበታቸውን ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ ያነበብኩትን፣ ያላነበብኩትን።

«አፉ በሉኝ አባባ» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ እኮ ልጄ» አሉ። «ስታነብ ዓይንህ እኔ ላይ ነበር እንጂ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እምቢ ብል ሁለታችንንም ነበር የሚያስሩን። አንድ እስረኛ ይበቃል አልኩ።» እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «የእኔን ያኔውኑ አፉ ብዬሃለሁ፤ አላህም አፉ ይበልህ። የቦዩን ጭራ ግን እኔን አትለምነኝ። እኔ የሰው ተራ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም።»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩባቸው። ሁሉን ይቅር የሚል ሽማግሌ ነበር የፈለግሁት። ከሦስቱ ቤት የተመለሰ ሰው እንዳለ ጠየቅኋቸው፤ ተስፋዬ የለም እንዲሉኝ ነበር።

«አለች» አሉኝ። «ያቺ ታዝላ የሄደችዋ። እናት አባቷን እዚያው ወባ ጨርሷቸዋል። ሮቢት መኪና መቆሚያው ዘንድ ሻይ ትሸጣለች። ሂድና ንገራት።»

ሽማግሌው ከሞቱ ዓመታት አለፉ። ሮቢትን ከቆቦ የሚለየው አጭር መንገድ ነው፤ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ልጅቷ ቁርጥ እናቷን ናት። ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ሻይ አዛለሁ፣ ዛሬስ ልንገራት እላለሁ። የምታውቀኝ ደንበኛዋ ነኝ፤ ደህና ሰው እመስላታለሁ፤ ሌላ ሰው ወንበሬን ቢይዝ ታስነሳልኛለች።

«ጋሼ፣ ስኳር ልጨምርልዎት?» ትለኛለች።

ጨምሪ እላታለሁ።